በምትጠፋ መኪና ለሽምግልና ወደ ዋጃ

ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። የራያን ቆላ በጠመኔ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ እንደሣልኩት አላውቀውም። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ደጋው፣ መሀሉ ሜዳ። ተማሪዎቼ ገለበጡት፣ ተፈተኑበት፣ አለፉበት። እኔ ግን እግሬ ረግጦት አያውቅም ነበር። ያየሁት ባለፈው ጥቅምት ማለቂያ ላይ ነው፤ ያውም ለጉብኝት ሳይሆን ለሽምግልና ተልኬ። ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቶቼ "እስቲ አገሩን አውራን" ሲሉኝ የማወራው ስለ ሞተር ሆኖባቸው ተሰላችተዋል። እንግዲህ እዚህም ቢሆን ከሞተሩ አላመልጥም፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

የእህቴ ልጅ ቢንያም አንዲት ነርስ ወደደ። ሂሩት ትባላለች፤ ሥራዋ አዲስ አበባ፣ ወላጆቿ ዋጃ። አባቷ አቶ ሞላ ገበሬ ናቸው፤ "እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኑ" ብለው ቀጠሩን። ቀጠሮ ያፈረሰ ሽማግሌ ደጃቸውን ዳግመኛ እንደማይረግጥ አስቀድሞ ተነግሮናል። ከሁሉ የከበደን ግን ሌላ ነበር። ቢንያም ከቀድሞ ትዳሩ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችው፤ የምታድገውም እሱ ጋ ነው። ሂሩት ይህን ታውቃለች። ወላጆቿ አያውቁም፤ እሷም ለመንገር አልደፈረችም። አብረውኝ የተላኩት ጋሽ ወርቁ፣ የሰፈራችን የዕድር ዳኛ፣ ሰባዎቹን ያለፉ ሰው ናቸው፤ "እሺ ይበሉን እንጂ፣ የልጅቷ ነገር ከዚያ በኋላ ቀስ ተብሎ ይነገራል" አሉ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነበር፤ ዋጃ ሩቅ ነው።

*ዓርብ*

ጋሽ ወርቁ ወገባቸውን ስለሚያማቸው አውቶቡስ አይችሉም። ስለዚህ በእኔ መኪና ሄድን። መኪናዬ ከእኔ በፊት ጡረታ መውጣት የነበረባት አሮጌ ናት፤ ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅል ካርቡሬተር ካላቸው የመጨረሻዎቹ ዘመዶች ወገን። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወጥተን ደብረ ብርሃን ለቁርስ ስንቆም ጠፋች። አስነሣኋት፤ ነዳጁን ስረግጥ ትሄዳለች፤ እግሬን ሳነሣ ቁና ቁና ተንፍሳ ትጠፋለች። መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት፣ መኪና ቆሞ ሞተሩ በራሱ ቀስ እያለ የሚዞርበት ነገር አልያዝ አላት። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ጉሙ አንድ ክንድ አያሳይም ነበር፤ በየጠመዝማዛው አንድ እግሬ ነዳጅ ላይ፣ አንዱ ፍሬን ላይ ነው።

"አንተ ልጅ፣" አሉኝ ጋሽ ወርቁ፣ "ይቺ መኪና ስትሄድ ነው ወይስ ስትቆም የምትደክመው?"

"ስትቆም።"

"እኔን መሰለቻ።"

ደብረ ሲና በያይነቱ በላን። የምግብ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ወርቁ ወገባቸውን ሲያሹ አይታ ከጓዳ ትራስ አምጥታ ከጀርባቸው አደረገችላቸው። ስንነሣም ትራሱን ይዛ መኪናዋ ድረስ መጣች፤ "ሲመለሱ ያመጡልኛል" አለች። በማታውቀው ሰው እጅ ትራስ ሰዳ ተመልሶ ይመጣል ብላ የምታምን ሴት! እኔ አዲስ አበባ ለጎረቤቴ መሰላል ሳውስ ምስክር እፈልጋለሁ።

ኮምቦልቻ አደርን። በአልጋ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ገና ሳይመሽ፣ ኮፈኑን ከፍቼ ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን የሚኒሞ ብሎን በቢላ ጫፍ አጠበቅኋት። አንድ ዙር፣ ከዚያ ግማሽ። ሞተሩ ከፍ ብሎ መጮህ ጀመረ፤ መጥፋቱንም አቆመ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

"ጂኦግራፊ ባታስተምር ኖሮ ሀብታም ነበርክ" አሉ ጋሽ ወርቁ። እኔም አመንኳቸው።

*ቅዳሜ*

ኩራቴ ደሴን እንኳ በቅጡ አላለፈም። መኪናዋ አሁን አትጠፋም፤ ችግሩ አትቆምም። እግሬን ከነዳጅ ሳነሣ ብቻዋን ትሮጣለች፤ ስለዚህ ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ስረግጥ ዋልኩ። ሐይቅን፣ መርሳን፣ ወልዲያን እንዲህ እየታገልን አለፍን። ፍሬኑም እየቆየ ከእግሬ በታች መጠንከር ጀመረ። "ድካም ነው" አልኩ ለራሴ። የደከመው እግሬ ነው ብዬ ነው።

ከወልዲያ ወዲያ ጥቂት እንደሄድን ተራራው ከግራና ከቀኝ ዘወር አለና ሜዳው ተከፈተ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በአራት መስመር ጨርሼው የነበረ ነገር ከፊቴ ተዘርግቶ ዓይን አይጨርሰውም። ማሽላው ከሰው በላይ ቆሟል፤ ራሱን ደፍቶ ቀይና ነጭ ሆኗል። ከማዶ ዞብል በሙቀቱ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። የእኛ ሰፈር ሰው ሁለት ክንድ ስፋት ባለው ግቢ ጎመን ተክሎ "እርሻዬ" ይላል። ለተማሪዎቼ ምን ስነግራቸው ኖርኩ ብዬ አፈርኩ።

ጎብዬ መግቢያ ላይ ይህን እያየሁ ሳለ ግመሎች መንገዱን ሊያቋርጡ ገቡ። ከአፋር በኩል ለገበያ የሚነዱ ናቸው፤ ቸኩለው አያውቁም። ፍሬኑን ረገጥኩ። ድንጋይ ነው። በሁለት እግሬ ተጫንኩት፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ማርሹን ወደ ታች መለስኩ። መኪናዋ ጮኻ፣ ተንሸራታ፣ ከፊተኛዋ ግመል ጉልበት አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመችና ጠፋች። ግመሏ ወደ ታች አየችን። ባለቤቷ ረጅም ወጣት አፋር በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ጋሽ ወርቁን አየና፣ በተሰባበረ አማርኛ "ሽማግሌ ደህና?" ብሎ ጠየቀ። ልትገደል የነበረችው የእሱ ግመል ናት፤ የጠየቀው ግን የእኛን ደህንነት ነው።

መንገድ ዳር ያለች ካፌ ውስጥ አስቀመጡን። ጋሽ ወርቁ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። የካፌዋ ባለቤት ቀዝቃዛ ውሃ አምጥታ ራሳቸውን አስታጠበቻቸው፤ ሻይ ሰጠችንና ልንከፍል ስንል "ከሞት የተረፈ ሰው ሻይ አይከፍልም" አለችን። "ቆቦ ይማም ጋ ሂዱ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ነው፤ በጆሮው ነው የሚሠራ" ያለችንም እሷ ናት። በጆሮ ይሠራል ማለቷ አልገባኝም ነበር። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሮቢትን በአህያ ፍጥነት አልፈን፣ እኩለ ቀን ላይ ቆቦ ገባን።

ይማም ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። ጋራዡ የቆርቆሮ ጥላና ሦስት የተበላሹ የመስኖ ውሃ ፓምፖች ነው። ግድግዳ ለግድግዳ ያለው ወፍጮ ከመጮሁ የተነሣ የምንነጋገረው ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግተን ነበር።

"አብሽሩ፣ አይዞዎት፣ መምህር፣" አለኝ፤ ሥራዬን ጠይቆኝ ነበር። "ምን ነኩባት?"

"ምንም አልነካሁም" አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም። የተማረ ሰው ነኝና በቢላ ብሎን ማዞሬን መናገር አሳፈረኝ መሰለኝ። ይማም አመነኝ። ማንም ካልነካት፣ ሚኒሞዋም በራሷ ከፍ ካለች፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ የተያዘ ነገር አለ ማለት ነው ብሎ ፈታው። ዘርግቶ፣ እያንዳንዷን ቀዳዳ በአየር ነፍቶ፣ በቤንዚን አጥቦ፣ መልሶ ገጠመው። በዚያ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀበት። የቀትር ሰላቱን፣ አዙህርን፣ ሰግዶ ተመልሶ አስነሣት። ያው ናት። በጨርቅ እጁን እየጠረገ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ከዚያ ጣቱን የሚኒሞዋ ብሎን ላይ አሳረፈ። የናስ ራሷ በቢላዬ ተጭራ፣ አዲስ ሆና ታበራለች። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ላለማሳፈር ይመስለኛል።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ኮምቦልቻ ላይ። አንድ ዙር ተኩል።"

"እንዲያ ነው እንጂ" አለ፣ ቅር ያለውም አይመስልም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ወደ ነበረችበት እንመልሳትና እሷም ሕመሟን ታሳየን።"

አንድ ዙር ተኩል አላላው። መኪናዋ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ ጀመረች፤ ልትጠፋ ስትል በነዳጅ ይይዛታል። እኔን አስገብቶ ፍሬኑን አስረገጠኝ። በረገጥኩ ቁጥር ሞተሩ ይደክማል። ያን ጊዜ ፈገግ አለና ለእኔም ለጋሽ ወርቁም አስረዳን። ሞተር አየር መሳብ ያለበት በካርቡሬተሩ በኩል፣ ተለክቶ የሚሰጠውን ብቻ ነው። በሌላ ቀዳዳ ከሰረቀ ቤንዚኑ ይቀጥንበታል። ነዳጅ ሲረገጥ ስርቆቱ አይታወቅም፤ ሲቆም ግን ያንቀዋል። ፍሬኑን ለእግር የሚያቀለውም ይኸው የሞተር ስበት ነው፤ ስለዚህ ቀዳዳው ፍሬኑንም ያደነድነዋል።

"አንድ ቦታ ታፏጫለች፣" አለ፣ "እንዳልሰማት ወፍጮው አለ።"

ሄዶ ምን እንደሚያደርግ ሳይነግረን ወደ ወፍጮ ቤቱ ገባ። ተከተልኩት። ባለ ወፍጮዋ ወይዘሮ ዘሀራ ቅንድቧ ሳይቀር ዱቄት ለብሷል። ከሮቢትና ከዙሪያው ቀበሌ ማሽላና ጤፍ በአህያ ጭነው የመጡ ገበሬዎች እስከ በሩ ውጪ ተሰልፈዋል።

"እት ዘሀራ፣ አንድ አፍታ አጥፊልኝ። መንገደኞች ናቸው።"

"ለስንት ጊዜ?"

"እስክሰማት።"

ሴትዮዋ ሰልፉን አየች። "ጀመዓ፣ እንዴት ነው?" አለቻቸው። ከሰልፉ ፊት የነበሩ አንድ ነጭ ጢም ያላቸው አዛውንት፣ ተራቸው ደርሶ ጆንያቸውን ፈትተው ነበር፣ መልሰው አፉን ጨበጡና "ይስማ እንጂ፤ እህሉ የት ይሄዳል" አሉ። ወፍጮው ቀስ እያለ፣ እያቃሰተ ቆመ።

የመጣውን ዝምታ እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ያ ሁሉ ሰው፣ ሥራ ያለው፣ የሚመለስበት መንገድ ሩቅ የሆነ ሰው፣ ለማያውቃት አሮጌ መኪና ሲል ዝም አለ። ሳል የመጣበት ሰው በነጠላው አፉን ሲይዝ አይቻለሁ። አንዲት ሴት አህያዋ እንዳትጮህ ጆሮዋን እያሻሸች ትለማመጣታለች። በእኛ ከተማ መብራት ላይ ለሦስት ሴኮንድ የዘገየ ሰው ከኋላው ስንት ጡሩምባ እንደሚቀበል ታውቃላችሁ። ቤተ መቅደስ ውስጥ ካልሆነ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

ይማም አንድ ክንድ የምትሆን የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮው ውስጥ አድርጎ፣ ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ላይ እያዞረ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ማዳመጥ ጀመረ። የካርቡሬተሩን ሥር ዞረ። አለፈ። ወደ ፍሬኑ በሚሄደው ወፍራም ቱቦ ላይ ቀስ ብሎ ሄደና መሀሉ ላይ ቆመ። የሚያዳምጥባትን ቱቦ ለእኔ ሰጠኝ። ሊገነፍል የደረሰ ድስት ክዳኑ ሥር የሚያሰማውን የመሰለ ቀጭን ሽውታ ሰማሁ። የፍሬኑ ቱቦ ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ነው።

ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ወስዶ በጣቱ አንጠበጠበበት። ውሃው ወደ ውስጥ ገባ። ሽውታው ተቋረጠ፤ ስትንገዳገድ የነበረችው መኪና ለሁለት ትንፋሽ ያህል ቀጥ አለች፤ ከዚያ ያው መንቀጥቀጧ ተመለሰ።

"ጠጣችው" አሉ አዛውንቱ ከሰልፉ።

ሁሉም ሳቀ። ይማም "ጀዛኩሙላህ ኸይር" ብሎ አመሰገናቸው፤ ወፍጮውም ተነሣ። ቱቦውን ሲያወጣው ከሥሩ፣ ብረት ላይ ተጋድሞ በሚፋተግበት በኩል፣ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ ነበረችው። ከተበላሸ የውሃ ፓምፕ ፈትቶ ያስቀመጠው ወፍራም ቱቦ ነበር፤ ለክቶ ቆረጠና በሁለት ጫፉ አሰረው። ሚኒሞዋን አስተካከለ። መኪናዋ ቆማ ስትዞር ኮፈኗ ላይ የተቀመጠው የውሃ ጠርሙስ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ፍሬኑም በአውራ ጣቴ የምጫነው ያህል ቀለለ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ቤቱ ሳንገባ እንደማይሰደን ነገረን። የማሽላ እንጀራና እርጎ ቀረበልን። "ሥጋማ ነበረ፣ የእናንተ ስላልሆነ እንዳላስቸግራችሁ ብዬ ነው" አለ፤ እንደ ጥፋት ይቅርታ የሚጠይቅ ነበር የሚመስለው። ጋሽ ወርቁ የምንሄድበትን ሲነግሩት እጆቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገልን፤ እኛም አሜን አልን። እዚያው ቆቦ አደርን፤ አልጋዎቹ በረንዳ ወጥተው ነው የተዘረጉት። እንቅልፌን ያጣሁት በሙቀቱ ብቻ አይደለም። ይማም ያን ያህል ሰዓት በከንቱ የለፋው በእኔ አንዲት ቃል ነው፤ እኔ ደግሞ ነገ የምሄደው ሌላ አባት ፊት ያንኑ ቃል ልደግም ነው።

*እሑድ*

ዋጃ ከቆቦ ቅርብ ነው። መኪናዋ በየሽንኩርት ማሳው ዳር እንደ ሙሽራ ሄደች። መንገድ ላይ "እነግራቸዋለሁ" አልኩ።

ጋሽ ወርቁ ትራሱን ከጀርባቸው አስተካከሉ። "ካባረሩን፣" አሉ፣ "በእግሬ ነው የምመለሰው። ካንተ ጋር አልሳፈርም።"

አቶ ሞላ ነጭ ጋቢ ለብሰው በራቸው ላይ ጠበቁን። ቁመታቸው የማሽላቸውን ያህል ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ወደ ጓዳ በሚወስደው በር ላይ ቆመዋል። ተቀመጡ ተባልን፤ ሽማግሌ ግን እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥምና ቆመን ቀረን። ጋሽ ወርቁ በሚያምር አንደበታቸው የመጣንበትን ተናገሩ፤ ልጃችሁን ለልጃችን፣ ዘር ሳይቀር ተቆጠረ። አቶ ሞላ ጨርሰው ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ልጁ ጉድለት የለበትም?"

ጋሽ ወርቁ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደምኳቸው። "ከቀድሞ ትዳሩ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችው" አልኩ። "የሚያሳድጋትም እሱ ነው። ሂሩት ታውቃለች፤ ልትነግራችሁ ፈርታ ነው። እኛም ልንደብቃችሁ መክረን ነበር።"

አቶ ሞላ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም። እህቴ ደጅ ደጁን እያየች እንደምትጠብቀኝ አሰብኩ፤ ለቢንያም ምን ብዬ እንደምነግረው አሰብኩ።

"ይደበቅ ያለው ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ወርቁ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። "እሱ ነው እምቢ ያለኝ።"

አቶ ሞላ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ወደ ውጪ፣ ወደ ማሳው አዩ። ቆይተው ደግሞ ወደ እኛ ዞሩ።

"ስሟ ማነው?"

"የማን?" አልኩ ደንግጬ።

"የልጅቷ።"

"ማህሌት።"

"ማህሌት" አሉ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዘወር አሉ። "ሰማሽ፣ አስካለ? ማህሌት ነው የምትባል።"

ወይዘሮ አስካለ ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገቡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ።

"የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ሙቀት ትችለዋለች እንዴ?" አሉ። "ጥላው ሥር አልጋ እናወጣላታለን እንጂ።"

ጋሽ ወርቁ ማንም ዳግመኛ ሳይጋብዛቸው ተቀመጡ።